«ደህና ነው» የሚሉ እግሮች

እሠራበት የነበረው የቡት ሱቅ ከተዘጋ ወዲህ ዓይኔ ከሰው ጫማ ላይ አልነሣ ብሏል። ሜልቦርን ዳር ካለው ሰፈራችን ከዌሪቢ ወደ ከተማ በሚሄደው ባቡር ስቀመጥ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው መልኩን ሳላይ እግሩን አያለሁ። ተረከዙ ከጫማው እየወጣ የሚገባ ሰው ካጋጠመኝ እስክወርድ ድረስ ዕረፍት የለኝም። በቀደም አንዲት ልጅ ተቀምጣ በአንድ እግሯ ሌላውን ስታሽ አይቼ፣ «ትንሿ ጣትሽ ጋ ነው አይደል የሚይዝሽ?» ልላት አፌን ከፈትኩ። ልጄ ሶስና አጠገቤ ነበረች። «ማሚ፣ ዶንት» አለችኝ። ምን ልል እንደነበር ሳልነግራት ታውቃለች።

ጡረታ ወጣች ይሉኛል። ጉልበቴም እምቢ ብሎ ነበር፣ ሱቁም ተዘጋ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሐምሌ ነው፣ ውጭው ይነፍሳል። ናሆም የሚባል ልጅ እኔ ያበጀሁለትን ቡት አድርጎ በረዶ ተራራ ላይ ወጥቷል። ከዚህ በፊትም ከእኔ እጅ የወሰደውን ቡት አድርጎ ወጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ የተመለሰው ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነው። ዛሬ እንደደረሰ እንዲደውል ነግሬዋለሁ። አልደወለም። ሶስና «እዛ ኔትወርክ የለም እኮ» ትለኛለች። ስልኩን አንሥቼ አየሁ፣ አስቀመጥኩ፣ እንደገና አየሁ። እጄ ሥራ ካልያዘ ልቤ እንደማያርፍ ስለማውቅ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ነገሩን እንደሄደበት መንገድ ነው የምናገረው።

አዲስ አበባ ሳለሁ መርካቶ አካባቢ ጫማ ቤት እሠራ ነበር። ቆዳ እሰፋለሁ፣ ማስቲሽ እቀባለሁ፣ የተሰፋውን ፎርማ ላይ እወጥራለሁ፤ ፎርማ የምንለው የእንጨት እግሩን ነው። ትዳር ወደ ሜልቦርን ሲያመጣኝ ያ ሙያ አብሮኝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ኖርዝ ሜልቦርን የመንግሥት ፎቅ ላይ ቤት ደረሰን። ሶስና ተወለደች፤ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔ ክሊኒንግ ገባሁ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር ካለፈ በኋላ፣ ከማጸዳቸው ቦታዎች አንዱ ከተማ መሃል ያለ የበረዶ ስፖርት ዕቃ መሸጫ ሆነ። ከቤቴ በእግሬ እደርስ ነበር።

ከሱቁ ጀርባ፣ በመጋረጃ በተከለለች ክፍል ውስጥ ቡት የሚያስተካክሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቨርነር ይባላሉ። የአውሮፓ ተራራ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸው እንደኔው ከሌላ ቋንቋ ጋር የሚታገል ስለሆነ ከሌላው ሰው ይልቅ እሳቸው ይገቡኝ ነበር። አንድ ቀን ስፌቱ የተተረተረ የቡት ውስጠኛ ጫማ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አገኘሁ። መጣል አልሆነልኝም፤ መርፌ ፈልጌ ሰፋሁትና መደርደሪያው ላይ አኖርኩት። በማግስቱ «ማነው የሰፋው?» ብለው ጮኹ። መባረሬ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ወደ መጋረጃው ውስጥ ጠሩኝና ዱካ ሳቡልኝ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያው ለሌላ ሰው ሆነ። ደመወዙ ትንሽ ከፍ አለ፤ ወረቀቱን ሶስና ሞላችልኝ።

ጋሼ ቨርነር እላቸው ነበር። «ጋሼ ምንድነው?» አሉኝ።

«ታላቄ እንደማለት ነው። በባዶ ስም መጥራት ነውር ነው።»

ከዚያ ወዲህ የሱቁን ስልክ ሲያነሡ እንኳ «ጋሼ ቨርነር ነኝ» ማለት ጀመሩ። ደዋዩ ምን ይገባው እንደነበር ጌታ ይወቅ።

የኛ ሥራ ጠንካራ ቡት ነበር። ስኖውቦርድ ሁለት እግርን በአንድ ሳንቃ ላይ አስሮ የበረዶ ቁልቁለት መውረድ ነው። አብዛኛው ሰው ለስላሳ ቡት ያደርግበታል። ካርቪንግ የሚወዱት ግን ሌላ ጉድ ናቸው፤ ሳንቃውን በጠርዙ አቁመው በረዶውን እንደ ቢላ እየሰነጠቁ፣ ሰውነታቸውን እስከ መሬት አስተኝተው ነው የሚታጠፉት። ለዚያ ከውጭ እንደ ባልዲ የጠነከረ የፕላስቲክ ቅርፊት፣ ከውስጥ ላይነር የሚባል ወፍራም ጫማ ያለው ቡት ያስፈልጋል። ቡቱ ደግሞ ባይንዲንግ በሚባል ብረት ከሳንቃው ጋር ይቆለፋል። እግር እዚያ ውስጥ ካልተመቸው መሸሻ የለውም። ቆዳ ከሰው ጋር ይላመዳል፤ ፕላስቲክ ግን እንደሠሩት ነው።

እኔ ሰው ሲያመው ማየት አልችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ሰፋ ያለውን አመጣ ነበር። እኛ ቤት ጫማ የሚገዛው ለከርሞ ነው፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጎስጉሶ «ታድግበታለህ» ተብሎ ነው የሚሰጠው። አንድ ጢማም ሰውዬ እኔ የሰጠሁትን ትልቅ ቡት አድርጎ ደስ ብሎት ሲንጎራደድ ጋሼ ቨርነር በመጋረጃው ብቅ ብለው አዩት።

«ብዙነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ይህ ሰው አርባ ዓመት አልፎታል።»

«አዎ።»

«አያድግም።»

ሳቃቸውን ጨርሰው አስረዱኝ። ሰፊ ቡት ሱቅ ውስጥ ይመቻል። ተራራ ላይ ግን ተረከዝ ውስጡ ይነሣል፤ ሰውየው እንዳይነሣበት ማቆለፊያውን እስከ መጨረሻው ያጠብቃል፤ ደም ይቆማል፣ እግር ይደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ደግሞ የሳንቃው ጠርዝ የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ እሳቸው መጀመሪያ ላይነሩን ያወጡና እግሩን ባዶ ቅርፊቱ ውስጥ ያስገቡታል። ጣቶቹ የቅርፊቱን ጫፍ እስኪነኩ ወደፊት አስገፍተው፣ ከተረከዙ ኋላ የራሳቸውን ጣት ይሰዳሉ። አንድ ጣት፣ ቢበዛ አንድ ተኩል። ሁለት ጣት እንደልቡ ከገባ ቡቱ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው ላይነሩን በሞቀ አየር አለስልሰው፣ የእግሩን ቅርጽ እስኪይዝ የሚያስለብሱት።

ሙያውን የተማርኩት ግን ልማዳቸውን በማየት ነው። የሰው እግር ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን ያሻሻሉ፤ ቀዝቃዛ እጅ ሲነካው እግር ይኮማተራል። በአውራ ጣታቸው አጥንቱን ሲጫኑ እግሩን ትተው የሰውየውን ቅንድብ ነው የሚያዩት። «ይመችሃል?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «ይህ ጥያቄ ሰውን ያስዋሸዋል» ይሉ ነበር። በዚያ ፈንታ ሻይ ያፈላሉ። ደንበኛው ቡቱን ቆልፎ አንድ ኩባያ ሻይ እስኪጨርስ አይለቀቅም። ስለ ቡቱ አንድ ቃል አይነሣም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ አገሩ እግር ኳስ ስለ ፉቲው ያወሩታል። ሻዩ ግማሽ ላይ ሲደርስ የተከፋው እግር በራሱ ጊዜ መቁነጥነጥ ይጀምራል። «አሁን ንገረኝ» ይሉታል።

አንድ የትራም ሾፌር ሦስት ሱቅ ዞሮ መጣ። ቡቱ ቅልጥሙን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ቡቱን ሊለውጥ ነበር የመጣው። ሻዩን ሳይጨርስ ሱሪውን ሰበሰብኩለትና አየሁ፤ ሁለት ካልሲ ደርቧል፣ የውስጥ ሱሪውንም ቡቱ ውስጥ ጎስጉሶታል። እጥፋቱ ቅልጥሙ ላይ ተጋድሟል። አንዱን ካልሲ አወለቅኩ፣ ሱሪውን ከቡቱ በላይ አወጣሁ። ሰውየው ቆሞ ጎንበስ ቀና አለና፣ «ሌላስ?» አለኝ። ሌላ የለም ስለው የተቀለደበት መሰለው።

አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ተራራው ወስደውኛል። ጋሼ ቨርነር ከላይ ሲመጡ እያየሁ ድንገት በጎናቸው በረዶው ላይ ተኙ። «በኢየሱስ ስም! ወደቁ!» ብዬ ጮኽኩ። ወደ ሌላው ጎን ተገለበጡ፣ እንደገና ተኙ፣ እየሳቁ መጥተው እግሬ ሥር ቆሙ። ዞረው የመጡበትን አሳዩኝ። በነጩ ላይ ከክር የቀጠነ አንድ መስመር ግራና ቀኝ ታጥፎ ወርዷል። የቆዳ መቁረጫ ቢላ የሄደበት ይመስል ነበር። «ተረከዜ ከቦታው ንቅንቅ ቢል ይህ መስመር አይወጣም» አሉኝ። እኔ ገደሉን እያየሁ ነበር። ሶስናን እዚህ አልሰዳትም ብዬ በልቤ ማልኩ።

አሁንም ስልኩን አየሁ። ምንም።

ጋሼ ቨርነር ብርዱ አጥንታቸው ሲገባ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ሞቃቱ አገር፣ ወደ ኩዊንስላንድ ሄዱ። ኩባያዎቻቸውን ለኔ ተዉልኝ። መጋረጃው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ፤ ብቻዬንም ብዙ እግር አለበስኩ። ፈረንጅ ደንበኛ ደግ ነው፤ ካመመው ያመናጭቅሃል። «ኖ፣ ኖ፣ ቴሪብል» ይልሃል። ትሠራለህ።

ናሆም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ለትምህርት መጥቶ በቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ይጫወታል። ክረምቱን ተራራ ላይ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ሲያጥብ ካርቪንግ አይቶ ልቡ ቀረ። እናቱ መጀመሪያ በመጣ ሰሞን ደውለውልኝ ነበር። «እህቴ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እዚያ እናቱ እርስዎ ነዎት። አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ወደ ሱቁ ሲመጣ ወንበር ሰጠሁትና እንደ ልማዴ ልንበረከክ ስል ብድግ አለ።

«እንዴ እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እግርህን ልየው።»

«እርስዎ እኔ እግር ሥር? ኧረ በጌታ! እማዬ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

«ሥራዬ ነው የኔ ልጅ። ተቀመጥ።»

«ቁጭ ይበሉልኝ፣ እኔ ራሴ አደርገዋለሁ።»

በኛ ወግ የታላቅን እግር ታናሽ ያጥባል እንጂ ታላቅ ታናሹ እግር ሥር አይወድቅም። እሱም ይህን እያሰበ ፊቱ ቀልቷል፤ እኔም ላስጨንቀው አልፈለግኩም። ቅርፊቱን ራሱ አጠለቀ፣ ጣቱንም ራሱ ሰደደ። «ገባ?» አልኩት። «ገባ፣ ልክ ነው» አለኝ። ስንት ጣት እንደገባ አላየሁም። ሻይ ቀዳሁለት። እኔ ቆሜ እሱ መቀመጥ አሻፈረኝ አለ፤ ሁለታችንም ቆመን ጠጣን፣ እሱም እንዳያቆየኝ ብሎ ትኩሱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያ ጋሼ ቨርነር ጠይቀው የማያውቁትን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ይመችሃል?»

«ደህና ነው እትዬ፣ በጣም ደህና ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

ትንሽ ሰፋ እንዳለው ልቤ ያውቅ ነበር። ግን የአደራ ልጅ ነው፤ ከሚያመው ሰፋ ቢለው ይሻላል አልኩ። የድሮዋ እጄ፣ ጨርቅ የምትጎሰጉሰው፣ ተመልሳ መጣች።

ከተራራው የደወለልኝ ራሱ ነው። «እትዬ፣ እንዳይደነግጡ፤ ደህና ነኝ» አለኝ። አምቡላንስ ውስጥ ተኝቶ ነው ደህና ነኝ የሚለኝ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ብረት ገባ። ሐኪም ቤት ሄጄ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ያምህ ነበር?»

አንሶላውን ወደ ደረቱ ሳበ።

«ናሆም፣ እየጠየቅኩህ ነው።»

«ደንዝዞኝ ነበር። ተረከዜ ሲነሣ አጠብቀዋለሁ፣ ሳጠብቀው ይደነዝዛል። በመጨረሻ እግሬ ይኑር አይኑር አላውቀውም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተመልሰህ አልነገርከኝም?»

«እርስዎ ደክመውበት እንዴት አይረባም ልበል እትዬ?»

እናቱ ደወሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ይህም በጎ ነው፤ እርስዎ ባይኖሩለት ምን ይሆን ነበር» ብለው መረቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በየደንበኛው ሁለት ሦስት ጊዜ ጣቴን እሰድ ጀመር፤ አንዷ ሴትዮ «እያኮረኮርሽኝ ነው» አለችኝ።

ቀስ በቀስ ሰው ቡቱን በኢንተርኔት ማዘዝ ጀመረ። ባለቤቱም ሱቁን ዘጋ። ሞቃት አየር የሚነፋውን መሣሪያና ፕላስቲክ የሚገፋውን ፕሬስ፣ ሳይሸጡ የቀሩትን ጥቂት ቡቶችም ውሰጂ አለኝ። ዌሪቢ ስንገባ ጋራዡ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ሶስና ለመኪናዋ ቦታ አጣሁ ብላ ታጉረመርማለች።

በዚህ ክረምት መግቢያ ናሆም በሩን አንኳኳ። እያነከሰ አልነበረም።

«እትዬ፣ መመለስ እፈልጋለሁ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ በረዶው።»

«አይሆንም። ዋና ዋኝ። ኪቦርድህን ተጫወት።»

ሶስና ከሳሎን ሰማች። «ማሚ፣ ሂ ዊል ጎ ኤኒዌይ፤ መሄዱ አይቀርም» አለች። «ካንቺ ካልወሰደ ኢንተርኔት ላይ ይገዛል። ማን ይለካለታል?»

ይህን ስትል ተነሥቼ ጋራዡን ከፈትኩ። ናሆም ወንበር ስስብለት ገና «ኧረ እትዬ» ማለት ሲጀምር፣ በዚህ ዓይነት እንደማይሆን ገባኝ። ጉልበቴም ከእንግዲህ መንበርከክ አይችልም። ወንበሩን ለራሴ አደረግኩና ተቀመጥኩበት።

«አንተ ጠረጴዛው ላይ ውጣ።»

«ምን ላይ?»

«ጠረጴዛው ላይ። እኔ እቀመጣለሁ፣ አንተ ትቆማለህ። ታላቅ ተቀምጣ ታናሽ ቢቆም ምን ነውር አለው?»

«ጠረጴዛ ላይ በእግሬ! እማዬ ብታየኝ ትገለኛለች።»

«እናትህ ብታይህ እትዬ ያለችህን ስማ ነው የምትልህ። ውጣ!»

ወጣ። ጭንቅላቱ የጋራዡን አምፖል ሊነካ ደረሰ። ሶስና በሩ ላይ ሆና በሳቅ ሞተች። እግሩ ዓይኔ ፊት ለፊት ሆነ፤ ቀና ስል ቅንድቡን አያለሁ።

«አሁን ስማኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደህና ነው ማለት ክልክል ነው።»

«እሺ።» ቅርፊቱን አለበስኩት። «ጥሩ ነው» አለ።

«ጥሩ ነውም ክልክል ነው!»

የጣት ልኬቱን በራሴ ጣት ለካሁ፤ ከድሮው ያነሰ ቡት ሆነ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ብረቱ ባለበት በኩል ጎብጧል። የሶስናን ሊፒስቲክ ተቀበልኩና ጉብታውን ቀባሁት። እግሩን ባዶው ቅርፊት ውስጥ መልሼ ሳስገባው ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ታተመ። ያንን ቦታ በሞቃት አየር አለስልሼ በፕሬሱ ወደ ውጭ ገፋሁት፣ እስኪበርድም ያዝኩት። ከዚያ ሳንቃውን ምንጣፍ ላይ አድርገን ባይንዲንጉን አስተካከልን። ፊተኛው እግር ወደ ሳንቃው ጫፍ በደንብ ዞሮ፣ ኋለኛው ትንሽ አነስ ብሎ፤ ጉልበቱ እንዳይጠመዘዝም ከኋለኛው ተረከዝ ሥር ከፍ የሚያደርገውን ሽብልቅ ጨመርኩ። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ጠጣ። ግማሽ ሲደርስ ግራ እግሩን አንዴ ነቅነቅ ሲያደርግ አየሁት።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ማለቴ… ትንሽዬ። ትንሽዬ ይነካኛል መሰለኝ።»

«የት?»

«አሁን ይተዉኝ እትዬ፣ በሞቴ።»

ሌላ አላወጣም። ብጫን፣ ብፈትሽ ቅንድቡ አልተነቃነቀም፤ ጥርሱን ነክሶ ይሁን አይሁን አላውቅም። እንዲህ ሆኖ ነው የሄደው። ስልኩን ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳየሁ ልጄ ትንገራችሁ። ያ ትንሽዬ ቃል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ነው ያልገባኝ። እናቱም ዛሬ መሄዱን አያውቁም።

ይህን የምቀጥለው እሑድ ከሰዓት ነው። ትላንት አልደወለም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ልንቀርብ ስንል በሩ ተንኳኳ። የናሆም ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከደጃፍ ጀምሮ እየተጎነበሰ እንዴት ነዎት፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎስ እያለ ሳሎን ይደርሳል። ዛሬ ግራውን ቡት እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። በሁለት እግሩ ነው የቆመው፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ግራው ያማል።»

ሰላም እንኳ አላለኝም። ሶስና ሹካዋን ይዛ ፈዘዘች።

«ያማል?»

«በጣም! ቀኙ አንደኛ ነው፣ ተረከዜ አልተነሣም፣ ቁስሉንም አልነካውም። ይሄኛው ግን እዚህ የእግሬ ጀርባ ላይ፣ ሁለተኛውን ማቆለፊያ ስቆልፈው ይበላኛል። ትላንት ምሳ ሰዓት ላይ አውልቄ ተቀመጥኩ። እንዲህ ሆኖ አይረባም።»

አይረባም አለኝ። ከትላንትና ጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር የት እንደገባ አላውቅም። ቁጭ በል፣ ብላ ማለት ሲገባኝ ወደ ጋራዡ ቀደምኩት። ሳልነግረው ጠረጴዛው ላይ ወጣና ስልኩን አቀበለኝ። ፎቶው ላይ ሰው የለም፤ ነጭ ቁልቁለትና በላዩ ግራና ቀኝ የታጠፈ፣ ከክር የቀጠነ መስመር ብቻ ነው። ለጋሼ ቨርነር ላኪልኝ ብዬ ስልኩን ለሶስና ሰጠኋት።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መዳፌን አሻሸሁ፣ እስኪሞቅ።

«እዚህ ነው?»

«አይደለም። ወደ ውስጥ።»

«እዚህ?»

«ኧረ እትዬ! ቀስ ይበሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸና የአምፖሉን ገመድ ያዘ።

አውራ ጣቴን ከቦታው ሳላነሣ ሶስናን ሊፒስቲኩን አምጪ አልኳት።